ርካሹ የቀለም መርጫና ውዱ አየር

(የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለወረዳ የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

እንደሚታወቀው በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የመሠረታዊ ማኅበር ንብረት የሚባለው በአብዛኛው ብረት ነው። መጋዘኑ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ በሩና መስኮቱ ላሜራ ነው፤ ሚዛኑ፣ የዘር ማበጠሪያው፣ የመውቂያ ማሽኑና ጋሪው ሁሉ ብረት ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን በመንዝ ቤት የሚከደነው ከጓሳ በሚታጨድ ሣር ነበር፤ ሣሩም በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ በተፈቀደለት ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር። የሣር ክዳን ይበሰብሳል እንጂ አይዝግም። ብረትና ቆርቆሮ ከመጡ ወዲህ ግን ገበሬው ከነቀዝና ከአይጥ ሌላ ዝገት የሚባል ጠላት ተጨምሮበታል። ነቀዝ የበላው እህል በዓመቱ ይታያል፤ ዝገት የበላው የበር ማጠፊያ ግን የሚታወቀው በሩ የወደቀ ዕለት ነው።

ዝገትን የሚከላከለው ቀለም ነው፤ ቀለም መቀባት ደግሞ በደጋ አገር ጊዜ አይሰጥም። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ መጋዘኑ ባዶ ነው። ኅዳር ከገባ በኋላ ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው መሰብሰብ ይጀምራል፤ መጋዘኑ ይሞላል፤ የሌሊቱ አመዳይም ይበረታል። ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ በመንዝ የበልግ ዝናብ ይጠበቃል። ስለዚህ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያሉት ሳምንታት ብቻ ናቸው ለሥራው የሚመቹት። በአየር ግፊት የሚሠራ የቀለም መርጫ፣ በተለምዶ ስፕሬይ ጋን የሚባለው፣ ለማኅበር የሚጠቅመው በዚህች አጭር ጊዜ ሥራ ስለሚያፋጥን ነው። በብሩሽ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ባለ ሁለት ተከፋች የላሜራ በር በመርጫ አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የመስኮት ፍርግርግና የመውቂያ ማሽን ወንፊት ደግሞ ብሩሽ በደንብ የማይደርስባቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ግዢው ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይፈስሳል። ምክንያቱም የመርጫው ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ኮሚቴው ቶሎ ይወስናል፤ መርጫው የሚበላው አየር ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። መርጫው ርካሽ ነው፤ አየሩን የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ግን ዋጋው ከመርጫው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ምርጫው መጀመር ያለበት ከኮምፕሬሰሩ ነው።

የዕቃው ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ጆሴፍ ቢንክስ የተባለ የአንድ ትልቅ መደብር የጥገና ኃላፊ የምድር ቤት ግድግዳዎችን ኖራ ለመቀባት በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ሠራ። በዚያው ዘመን በኦሃዮ ክፍለ ግዛት አለን ዴቪልቢስ የተባለ ሐኪም መድኃኒት በጉሮሮ ውስጥ የሚረጭ ዕቃ ፈጠረ፤ ልጁ ቶማስ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይኸንኑ ዘዴ ለቀለም አዋለው። እስከ ዛሬ ድረስ አሠራሩ ያው ነው። አየር በፍጥነት ሲወጣ ቀለሙን ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ይይዝና ወደ ጤዛ ይበትነዋል።

የአየሩን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደ መርጫ በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ሊትር አየር ይፈልጋል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ላይ “በደቂቃ 200 ሊትር” የሚል ሊጻፍበት ይችላል፤ ይህ ግን ማሽኑ የሚስበው አየር መጠን እንጂ የሚሰጠው አይደለም። የሚሰጠው ከዚያ በሲሶ ወይም ከሲሶ በላይ ያነሰ፣ በደቂቃ 120 ሊትር ገደማ ነው። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 3 ባር እስኪወርድ የሚሰጠው አየር 250 ሊትር ያህል ነው። በደቂቃ 250 ሊትር የሚበላ መርጫ ከዚህ ጋር ቢገጠም ሁለት ደቂቃ ረጭቶ ይደክማል።

ይህ እንግዲህ የባሕር ወለል ሒሳብ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ አይሞላም። ዓለም ከተማ በ2,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሦስት አራተኛ ያህሉን ታገኛለች። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ያንኑ ታንክ ለመሙላት ቀድሞ ከሚፈጅበት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይወስድበታል። 120 ሊትር የተባለው ወደ 80 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ተረጭቶ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ይመጣል። ቀለም ደግሞ መሐል ላይ መቆምን አይወድም፤ በተቆመበት ሁሉ የመገናኛው መስመር ይታያል። ኤሌክትሪክ ሞተሩም ቢሆን ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዘው ቶሎ ይግላል። በቤንዚን የሚሠራው ሞተር በመሐል ሜዳ ከፍታ ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ያጣል። ሻጩ አዲስ አበባ ላይ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ጣርማ በርን ሲያልፍ ግን ሌላ ማሽን ነው።

በመሆኑም ለመንዝና ለግሼ ማኅበራት ከ100 ሊትር ያላነሰ ታንክና ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ዝቅተኛው መነሻ ቢሆን ይመረጣል። ይህን መግዛት የማይችል ማኅበር ትንሹን ገዝቶ ከሚቆጭ የከተማውን ጎሚስታ ቢያነጋግር ይሻለዋል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ ትልቅ ነው። ሚዛን፣ የበር ክንፍና ማረሻ በጋሪ ተጭኖ እዚያው ድረስ ሄዶ ሊረጭ ይችላል። ጎሚስታው ዘንድ ግን አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ከታንኩ ሥር ያለው ውኃ ማፍሰሻ መከፈት አለበት። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ይሆናል፤ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ተደባልቆም በጎማው በኩል ይመጣል። እንዲህ ያለ አየር የተረጨ ቀለም ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከመርጫው በፊት ውኃ የሚያጣራ ትንሽ ማጣሪያና የግፊት መቆጣጠሪያ ማስገባት ይገባል። ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ብረቱንም ከውስጥ ስለሚበላው ውኃውን ማፍሰስ የዘወትር ሥራ ነው፤ የታንኩ የደኅንነት ቫልቭ ተዘግቶ ወይም በሽቦ ታስሮ ከተገኘ ማሽኑ ጭራሹን መነሳት የለበትም።

ወደ መርጫው ስንመለስ፣ በገበያ የሚገኘው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የቀለም ጣሳው ከሥር የተንጠለጠለበትና ቀለሙን በመሳብ የሚሠራው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊትር ይይዛል፤ ለበርና ለጋሪ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ጣሳው ከላይ የተቀመጠና ቀለሙ በራሱ ክብደት የሚወርድበት ነው፤ ባነሰ ግፊት ይሠራል፤ ቀለምም አያስቀርም። ለማኅበር ሥራ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጥቂት ቀለም ብቻ ሲኖርና ዕቃው ትንሽ ሲሆን ከጣሳው ሥር የሚቀር ብክነት የለም። ይሁን እንጂ ከበር ሥር ለመርጨት ሲያዘነብሉት ይፈስሳልና ጣሳውን ከግማሽ በላይ አለመሙላት ነው።

ከዚህ ሌላ ነጋዴዎች ኤች ቪ ኤል ፒ የሚሉት፣ ብዙ አየርን በዝቅተኛ ግፊት የሚያወጣ ዓይነት አለ። በተለመደው መርጫ ከሚረጨው ቀለም እንደ ቀቢው እጅ ብረቱ ላይ የሚቀረው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም፤ ቀሪው ጭጋግ ሆኖ ነፋስ ይወስደዋል። በዚህኛው ግን ከአፍንጫው የሚወጣው አየር ከ0.7 ባር ስለማይበልጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ብረቱ ላይ ይቀራል። ቀለም ውድ በሆነበት ዘመን ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም። ችግሩ አየሩ ነው፤ በደቂቃ ከ250 እስከ 400 ሊትር ይበላል፤ በመንዝ ከፍታ በትንሽ ኮምፕሬሰር የማይታሰብ ነው። ትልቁን ኮምፕሬሰር ማግኘት የሚችል ይህን ይግዛ፤ የማይችል ግን ለስሙ ብሎ መግዛት የለበትም።

የአፍንጫው ቀዳዳ መጠን በሚሊ ሜትር ተጽፎበት ይገኛል። ለሲንተቲክ ዘይት ቀለም 1.5 እስከ 1.8፣ ለወፍራሙ አንቲረስት 1.8 እስከ 2.2 ይስማማል። የመኪና ሰዎች የሚወዱት 1.3ና 1.4 ለማረሻና ለበር ቀለም ይደፈናል። ሱቅ ውስጥ መርጫውን ሲገዙ ማብረቁን ከማየት ይልቅ አፍንጫውን ፈትቶ መርፌው ቀጥ ብሎ መግባቱን፣ ቀዳዳውም ልክ በመሐል መሆኑን ማየት ይጠቅማል። ጣሳው ላይ ውኃ ጨምሮ፣ ሱቁ አየር ካለው፣ ካርቶን ላይ መርጨት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጓርኒሲዮኑ ተለዋጭ የሌለው መርጫ በሁለተኛው ዓመት ብረት ቁራጭ ነውና ተለዋጩን አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

በመርጫ የማይሠራም አለ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ በመንዝ ነፋስ መርጨት ቀለሙን ለጎረቤት ማሳ መስጠት ነው፤ ጣሪያ በብሩሽ ወይም በሮለር ይሻላል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ዘይት ቀለምን ከሥር እያሟሟ ስለሚያላቅቀው፣ ቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ክረምት ዝናብና ፀሐይ ይግባበት ወይም ለዚንክ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያ ቀለም ይቀባ። የመጋዘኑን የውስጥ ግድግዳ ኖራ ለመቀባት ደግሞ ኮምፕሬሰር አያስፈልግም፤ በጨርቅ የተጠለለ ኖራ በጀርባ መርጫ ይረጫል። ግን አዲስ የሆነና ፀረ አረምም ሆነ ፀረ ተባይ አንድም ቀን ያልገባበት መርጫ ይሁን፤ ለኖራ ተብሎ ስሙ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ። የፀረ ተባይ ባዶ ዕቃ ቀለም ማማሰያ ሆኖ በየመጋዘኑ ይታያል፤ ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ቀለም ከመርጨቱ በፊት ያለው ሥራ ከመርጨቱ ይበልጣል። ልቡ የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ቅባቱ በቲነር በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። ዝገት ላይ የተረጨ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ክረምት ሲገባ እንደ ቅርፊት ይነሳል። አሮጌ በር ላይ ያለው ቀለም ግን በደረቁ መፋቅ የለበትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በር ግን ምን እንደያዘ አይታወቅም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ አሮጌ ቀለም ውኃ እየተነከረ ይታሽ፤ ፍቅፋቂው ተጠርጎ ይወገድ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከአካባቢው ይራቁ።

ቀለሙ በቲነር ወይም በአኳራጅ ይቀጥናል፤ የትኛው እንደሆነ ጣሳው ላይ ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እጅ ይበቃዋል። በእንጨት ሲነሳ እንደ አሬራ ሳይቆራረጥ የሚወርድ ከሆነ ደርሷል። በብርድ ቀለም ይወፍራልና ጠዋት የተማሰለው እኩለ ቀን ላይ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። በስስ ጨርቅ ሳይጠለል ወደ መርጫው መግባት የለበትም። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይሞከር፤ ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርጽ ቀጥ ብሎ ከወጣ ጥሩ ነው። ወደ አንድ ጎን ጎብጦ ግማሽ ጨረቃ ከሠራ ከአየር ቀዳዳዎቹ አንዱ ተደፍኗል። እየተቆራረጠ ቢተፋ ደግሞ ወይ ቀለሙ አልቋል፣ ወይ የጣሳው ክዳን መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ወይ ጓርኒሲዮኑ ላልቷል።

መርጫው ከብረቱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ሲቀርብ ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ሲርቅ በመንገድ ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ክንድ ሙሉው ከብረቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ፤ የእጅ አንጓ ብቻ ሲወዛወዝ መሐሉ ወፍሮ ጫፉ ይሳሳል። ምላጩ ከበሩ ጠርዝ በፊት ይሳብ፣ ከጠርዙ በኋላ ይለቀቅ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። አንድ ወፍራም ከመርጨት ሁለት ስስ መርጨት ይሻላል።

ሰዓቱን በተመለከተ ደጋና ቆላ አይስማሙም። በመንዝ አመዳዩ ቀልጦ ብረቱ ሲደርቅ፣ ሙቀቱም 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀመራል፤ ቀለሙ ጤዛ ሳያገኘው እንዲጠነክር ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይቆማል። በመርሐቤቴ ቆላ ግን እኩለ ቀን ላይ ብረቱ ስለሚግል ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ እዚያ ጠዋቱ ይመረጣል።

ስለ ቀቢው ጤና የሚነገረው ብዙ ጊዜ ቸል ይባላል። በነጠላ አፍን መሸፈን ትልልቁን ጠብታ ቢያቆም እንጂ የቲነሩን ትነት አያቆምም፤ ቀቢው ማታ ራሱን የሚያመው ለዚህ ነው። ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ጭምብልና መነጽር ከመርጫው ጋር በአንድ ግዢ መጠየቅ አለባቸው። ጭምብል የማይገዛ ኮሚቴ መርጫም ባይገዛ ይመረጣል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ጣሳ የመኪና ቀለም ሳንባን ለዘለቄታው የሚጎዳ፣ አስም የሚያመጣ ነገር አለበትና በማኅበር ግቢ አይረጭ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ሲጋራ፣ የቡና ከሰልም ሆነ የብየዳ ሥራ በአቅራቢያው መኖር የለበትም። እህል ያለበት መጋዘን ውስጥ አይረጭም፤ እህል ሽታ ይይዛል፤ ለቢራ ፋብሪካና ለዘር የተለየ ገብስ ደግሞ ከሁሉ በላይ መጠበቅ አለበት። በሩ ተነቅሎ ውጭ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት በግድግዳ ጥግ ይረጭ።

ሥራው እንዳለቀ መርጫው በዚያው ሰዓት ይታጠባል። ቲነር ጣሳው ውስጥ ተጨምሮ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይረጫል፤ አፍንጫው ተፈትቶ በብሩሽ ይጸዳል። መርጫውን ሙሉውን ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ጓርኒሲዮኑን ያበላሻል። የተደፈነ ቀዳዳ በሽቦ ወይም በምስማር ከተወጋ ቅርጹ ይጠፋል፤ ለዚህ የወይራ መፋቂያ ቀጠን ተደርጎ ቢሠራ ከሁሉ ይሻላል።

የቀረው የይዞታው ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የየራሱን መርጫና ኮምፕሬሰር ቢገዛ ዕቃው በዓመት ከአሥር ቀን በላይ አይሠራም። በዩኒየኑ ሥር በጋራ ቢያዝ ግን በሳምንታት ውስጥ ከማኅበር ማኅበር መዞር ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ስብስብ ለሁሉም አይበቃም፤ መንዝና መርሐቤቴ በገደላገደል ተለያይተው ስለሚገኙ መኪና ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አለበት፤ ያችው አጭር ወቅትም በመንገድ ታልቃለች። ስለዚህ አንዱ ለመንዝና ለግሼ፣ ሌላው ለመርሐቤቴ ሆኖ ሁለት ይሁን፤ የመንዙ ትልቁን ኮምፕሬሰር ይውሰድ። ከእያንዳንዱ ስብስብ ጋር ሁለት የሠለጠኑ ወጣቶች ይመደቡ፤ ለሥልጠናውም በዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቢጠየቁ ይበጃል። ዕቃው ከማኅበር ወደ ማኅበር ሲተላለፍ የመርፌው፣ የአፍንጫው፣ የጭምብሉ ማጣሪያና የታንኩ ቫልቭ ሁኔታ በርክክብ መዝገቡ ላይ ለየብቻ ይጻፍ፤ “አንድ ስፕሬይ ጋን ከነኮምፕሬሰሩ” ተብሎ በአንድ መስመር የተረከበ ዕቃ ምኑ እንደጎደለ የሚታወቀው ጥቅምት ሲደርስ ነው።